ለአልቃሿ አክስቴ

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ልጄ ሶስና ፓሳዴና ከተማ ኮንሰርት ነበራት። ከአራት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ የለቅሶ ዜማ በቼሎ፣ በዚያ ቁጭ ተብሎ በሚመታ ትልቅ ቫዮሊን፣ ተጫወተች። ቤት ስትለማመድ፣ «አባዬ፣ ኖቶቹ አንድ በአንድ ዝቅ ሲሉ ለቅሶ ማለት ነው፣ ኦኬ?» ብላኝ ነበር።

ዛሬ ዝቅ ሲሉ የአክስቴን ድምፅ ሰማሁ። አክስቴ አልቃሽ ነበረች። አገር ቤት ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞት እሷ ትጠራለች፤ ድምፅዋም ልክ እንደዚያ ከላይ ተነስቶ ቀስ እያለ ይወርዳል። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ «ያቺ አልቃሽ ዘመድህ ናት እንዴ?» ሲሉኝ «አላውቃትም» ብያለሁ።

ሶስና ስትጨርስ አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ አጨበጨበላት። ለአክስቴ ማንም አጨብጭቦላት አያውቅም። እኔም ተነስቼ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ወደ ሰፈራችን ወደ ፌርፋክስ ስንመለስ ሶስና፣ «አባዬ፣ ለእኔ እንደዚያ ስታጨበጭብ በጣም ደስ አለኝ» አለችኝ። ድራይቭ ማድረጌን ቀጠልኩ። አክስት እንደነበረችኝ እንኳ እስካሁን አልነገርኳትም።