ለጎረቤት የሚላክ ደንበኛ

ውድ ኒዛር፣

ሱቅህ ከሱቄ ጎን ሆኖ ደብዳቤ የምጽፍልህ በአፌ ላላናግርህ ስለማልኩ ነው። ደኅና ነህ ወይ ብዬም አልጠይቅህም። እንዳልሆንክ በየቀኑ አያለሁ፤ ደስም ይለኛል።

ያን ማለዳ እኔ አንድ የእጅ ባትሪ ሸጬ ነበር፤ አንተ ገና በር ላይ ቆመህ እጅህን ታሻሻለህ። የትሪፖሊ ገበያችን ሕግ ደግሞ ይታወቃል፤ ቀድሞ የሸጠ፣ ቀጥሎ የመጣውን ደንበኛ ገና ወዳልሸጠው ጎረቤቱ ይልካል። አባቴ ሱቁን ሲያወርሰኝ ይህንንም አውርሶኛል። ቀጥሎ የመጣው ወንድሜ ራቢዕ ነበር።

«ሂንድ፣ ለዚህ ጉልበተኛ ባትሪ ሁለት ድንጋይ ስጪኝ።»

«ኒዛር ጋ ሂድ፤ ገና አልሸጠም።»

«አንቺ እያለሽልኝ?»

«ሂድ አልኩህ! የአባትህን ሕግ ረሳኸው?»

አንተም እየሳቅህ ሁለት ድንጋይ ሰጠኸው። አንዱ ደኅና ነበር። ሌላው ላዩ አዲስ፣ ውስጡ ግን የጣት ጫፍ የምታክል ትንሽ የባትሪ ድንጋይና መሙያ ዱቄት። ደካማው ቶሎ ሲያልቅ ጠንካራው ኃይሉን በግድ እየነዳበት አጋለው፤ ውሃ እንዳያስገባ የተጠረቀመው ባትሪም መተንፈሻ አልነበረውም። በሚሠራበት ጣፋጭ ቤት መብራት ጠፍቶ ራቢዕ እንዳበራው እጁ ላይ ፈነዳ። ቤይሩት ድረስ ወሰድነው። ያ እንደ ሻሽ የሳሳ ሊጥ የሚዘረጋ ቀኝ እጁ ዛሬ የቡና ፍንጃል አያነሳም።

ልጠይቅህ ስመጣ ምን አልከኝ? «የላክሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ምን አገባኝ?»

እውነትህን ነው፤ የላክሁት እኔ ነኝ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እና አሁንም እልካለሁ።

በሱቄ በር ላይ የወርቅ መመዘኛ ሚዛን ማቆሜን አይተሃል። በአንድ ወገን የእኔን ድንጋይ፣ በሌላው ካንተ የተገዛውን አስቀምጣለሁ፤ ያንተ ሽቅብ ይላል። ባለፈው ለልጅ ልጃቸው ካንተ የገዙት ሐጂ ሙንዚር ይህን አይተው ከዘራቸውን ሲያነሱ፣ «እኔ ላይ አይደለም ሐጂ፤ ጎረቤቴ ዛሬ ገና ሰው አልገባለትም» አልኳቸው። «አንተ ሌባ! የልጅ ልጄን ልታቃጥልብኝ ነው?» ሲሉህ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። አንጀቴ ራሰ።

ትናንት ሽማግሌ ልከህ «ይብቃት» አሰኘኸኝ። የመለሰላቸው ራቢዕ ነው። በግራ እጁ ድንጋዩን ሚዛኑ ላይ እያኖረ፣ «እጄን ይመልስልኝና ይበቃታል» አላቸው።

ስለዚህ ኒዛር፣ ነገ በርህን በጊዜ ክፈት። ቀድሜ ከሸጥኩ የአባቴን ሕግ አላፈርስም፤ ደንበኛ እልክልሃለሁ።

ጎረቤትህ፣
ሂንድ