በሚስማር የተጫረው መስመር

ጥቅምት 6
ከትምህርት ቤት መልስ ወንድሜ ድንጋይ ይሞርድበት የነበረውን የኋላ ክፍል ጠረግኩ። የሒሳብ የቤት ሥራ አልሠራሁም። አስተማሪው አልተቆጣኝም። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ማንም አይቆጣኝም... ይሄም ያደክማል።

የመሞረጃው ማሽን አጠገብ ያቺን አረንጓዴ ድንጋይ አገኘኋት። ወንድሜ የጊታር መምቻ፣ ፒክ፣ ሊያደርጋት ከወንዝ ያመጣት ናት። በስሱ ቆርጧት፣ ፊቷ ላይ የፒኩን ቅርጽ በሚስማር ጭሮባታል። ጫፉ ጋ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ያኔ እጁ ዝሎ ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ገባ።

ጥቅምት 7
ሽቦ መጣ። የወንድሜ ጓደኛ፣ ጊታር ተጫዋቹ። ከቅጥነቱ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ይለዋል። ፒኳ ለእሱ ነበረች። አልጠየቀም። እኔው ነኝ ዘልዬ እጨርስልሃለሁ ያልኩት። ምን አስለፈለፈኝ? ድንጋይ ሞርጄ አላውቅ። ሥራዬ ለወንድሜ ውሃ ማንጠባጠብ ነበር።

ጥቅምት 9
ደከመኝ። ሌላ የለም።

ጥቅምት 12
አባቴ ሰማ። በጨርቅ ተጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቀመጥ አለ።
"ብትሰብራትስ? የእጁ ሥራ ሌላ ምን ቀረን?"
እናቴ ቀስ ብላ ቃል ሰጥቷል፣ ተወው አለችው። ተነሥቶ ወጣ።

ጥቅምት 13
ሞረድኩ። ውሃ እያንጠባጠብኩ... በደረቁ ከሆነ ድንጋዩ ግሎ ይሰነጠቃል። ዳር ዳሩን እስከ መስመሩ ሞርጄ አነሣሁት። ፊቷን ግን አልነካሁም፣ መስመሩ እንዳይጠፋ። አልተሰበረችም። አባቴ አገላብጦ አያትና ጭረቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

ጥቅምት 15
ሽቦ ሞከራት። ክሩን ትገፋዋለች እንጂ አትመታውም። ዱብ... ዱብ...
"ጎሽ፣ በር ማንኳኪያ ሠራህልኝ" አለ።
ሳላስበው ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ።
ወፍራም ናት አለኝ። ጫፏ በፊቷ በኩል መሳሳት አለበት።
"መስመሩ ይጠፋላ።"
"የኔ ወንድም፣ እሱ እኮ ሞርዶ ሊያጠፋው ነው የጫረው።"
እንዲሁ ብትሆንም በኪሴ ይዣት እዞራለሁ፣ ግን አልጫወትባትም አለ። ድንጋይዋን ትቶልኝ ሄደ።

ጥቅምት 16
ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝ። መስመሩን ወረቀት ላይ ልገለብጠው ሞከርኩ። የኔ እጅ አይንቀጠቀጥም... አልመሰለም። ከመስመሩና ከድምፁ አንዱን መምረጥ የግድ ነው? ማን ይምረጥልኝ?

ጥቅምት 19
ሽቦ ያለውን ለአባቴ ነገርኩት። ተዋት ካልክ እተዋታለሁ አልኩት። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ፣ ተከትሎኝ ገብቶ፣ የውሃውን ጣሳ አነሣ።
"በል ሞርድ።"
መስመሩ መጀመሪያ ደበዘዘ። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ጠፋ። የተንቀጠቀጠችው ጫፍ መጨረሻ ሄደች። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ውሃው ግን አልተቋረጠም።

ጥቅምት 20
ሽቦ ደጃፋችን ላይ ቁጭ ብሎ ተጫወተባት። ጥርት ያለ ድምፅ ነው፣ ከፕላስቲኩ ፒክ ይልቅ ይወጋል። አባቴ እስኪጨርስ ቆሞ ሰማ። ሽቦ ይዟት ሄደ። አስቁሜ መልሼ እቀበለዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር... አላስቆምኩትም።

ጥፍሬ ሥር አረንጓዴ ጭቃ ቀርቷል። እናቴ እጅህን ሳትታጠብ ማዕድ እንዳትቀርብ አለችኝ።

ታጠብኩ።