አረፋው ብቻ የእኛ

መጋቢት 2፣ ሰኞ

ገበያ የለም። ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው አንድ ለስላሳ ለሁለት ጠጥተው ሄዱ። ጠረጴዛ ወለወልኩ... መልሼ ወለወልኩ።

ዐርብና ቅዳሜ ኳስ ሜዳው ላይ የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። እዚያ ድራፍት ለመሸጥ የድንኳን ቦታ ተከራየሁ። በምን? በዚህች መጠጥ ቤቴ የስድስት ወር ኪራይ። ባለቤቴ ሲሰማ ሄዶ ውሃ ጠጣ። ሲናደድ ውሃ ነው የሚጠጣው።

ከከሰርኩ ቤቷን አስረክቤ ተመልሼ የጠቅላላ ባንኮኒ ኋላ መቆም ነው። ጠቅላላ የምለው የድሮ አሠሪዬን ነው። "በጠቅላላው" ሳይል ወሬ አይጀምርም። ፊት ለፊት "ጋሼ" እና "እርስዎ" ነው፤ እዚህ ግን ማን ያየኛል? አንድ ብርጭቆ ስሰብር የሁለት ዋጋ ከደሞዜ ይቆርጥ ነበር። ሥራ ስለቅ "በጠቅላላው ተመልሰሽ ትመጫለሽ" አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያላስከፋኝ ሰውዬ በዚህች አረፍተ ነገር ጨረሰኝ ብል ውሸት ነው፤ ሰባቱንም ዓመት አስከፍቶኛል።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ዋጋ ስናወጣ ዋልን። ባለቤቴ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ነው የሚሠራው፤ ሁሉን ነገር ካልከፋፈለ አይገባውም። አንድ ብርጭቆ ድራፍት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከታች ጀምሮ በጣቱ ለካ። እስከዚህ የፋብሪካው። እስከዚህ በረዶ። ከዚያ ጀነሬተርና ነዳጅ፣ የቦታ ኪራይ፣ ድንኳን፣ ጥበቃ፣ ለአዘጋጆቹ ከሽያጩ የሚቆረጠው... ጣቱ ከላይ ደረሰ።

"የእኛስ የቱ ነው?" አልኩት።

"አረፋው።"

ታላቅ እህቴ አረፋውን ጠጣችው።

ከሰፈር ዋጋ በሦስት እጥፍ ካልሸጥን አያዋጣም ተባለ። በሦስት እጥፍ ማን ይጠጣል? እኔ ራሴ አልጠጣም።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

አዘጋጆቹ ጠርሙስ ከለከሉ። ሁሉም የሚሸጠው በፕላስቲክ ብርጭቆ፣ እሱም ከእነሱ በፊርማ የሚወሰድ። የሁሉም ድንኳን ብርጭቆ አንድ ዓይነት ሰማያዊ። የጠፋውን የፈረመው ይከፍላል። ባለቤቴ ፊርማ ሲባል ፊቱ በራ። ሰው ያልከፈለበትን ዕቃ አይመልስም፣ መያዣ እናስከፍል አለ። ጠጪው ብርጭቆውን ሲመልስ መያዣውን ይወስዳል። ጥሩ ሐሳብ ነው።

እህቴ ሰሌዳ ጻፈች፦ "ብርጭቆ ይመልሱ፣ ገንዘብ ይውሰዱ።" ጽሕፈቷ እንዴት ያምራል! ከሜዳው ማዶ ይነበባል።

ጎረቤታችን ድንኳን ማን ሆነ? ጠቅላላ። ሲያየኝ ፈገግ አለ። አላማረኝም።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ ጠዋት

የትናንቱን እንዴት ልጻፈው...

የመጀመሪያው ደንበኛ ዋጋ ሲሰማ "ወርቅ አለበት እንዴ?" አለ። ባለቤቴ በጣቱ ከፋፍሎ ያስረዳው ገባ። በረዶ፣ ጀነሬተር... ነዳጅ ላይ ሳይደርስ ሰልፉ ተበተነ። ከፊት አንስቼ ብርጭቆ መቀበያው ጋ አቆምኩት። የባሰው ስህተት ይኸው ነው።

"የዘፋኙ ወንድም ነኝ፣ በነጻ ቅጂልኝ" የሚለው ሰው ደግሞ ብዛቱ። የዘፋኙን እናት እግዜር ያበርታት።

ጠቅላላ መያዣ አያስከፍልም። "በጠቅላላው መያዣ የለም!" እያለ ያስለፍፋል። ሰው እሱ ጋ ጎረፈ። ጠጣ። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ ይዞ እኛ ጋ መጣ... ገንዘብ ሊወስድ! ይሄ የእኛ አይደለም ስንል ወደ ሰሌዳው ይጠቁማሉ። "ብርጭቆ ይላል። የማን እንደሆነ ይላል?" አይልም። ባለቤቴ ደግሞ የተጻፈ ነገር አይጥስም። ከፈለ። እየከፈለ አመሰገነ።

እኔ ዞር ብዬ ሳይ ገንዘቡ አልቋል፤ ከድንኳኑ ኋላ የጠቅላላ ብርጭቆ ተቆልሏል። ሰሌዳውን ያወረድነው ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አለቀስኩ። የስድስት ወር ኪራይ በፕላስቲክ የለወጠ ሰው ምን ያድርግ? እህቴ ግን ክምሩን አጥባ ጨርሳ "ቢያንስ ታጥቧል" አለች።

መጋቢት 8፣ እሑድ

ዛሬ የምጽፈው በደስታ ነው።

ትናንት ገና ዘፈኑ ሳይጀመር የጠቅላላ ሰልፍ ቆመ። በርሜሉ ሙሉ፣ በረዶው ሙሉ፣ ብርጭቆ የለም። የአዘጋጆቹ መጋዘን ሄደ፣ ባዶ። ቀጥሎ ሰረቀችኝ ብሎ ከሰሰኝ። አዘጋጁ መጣ። ክምሩን አየ፣ የወረደውን ሰሌዳ አየ፣ እኔን አየ። "ሌባ ከፍሎ ይሰርቃል እንዴ?" ብሎት ሄደ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠቅላላ ራሱ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ። እኔን፣ "አንቺ ልጅ" ብሎ የሚጠራኝን...

"እመቤት፣ ዋጋው ስንት ነው?"

"በጠቅላላው" እንኳን አላለም። እሱ ቤት ስሠራ የሁሉን ነገር ዋጋ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ በአንዱ ጆሮዬ የከፈልነውን ያህል ብቻ በይ አለ። እህቴ በሌላው ጆሮዬ አሥር እጥፍ አለች።

"አንድ ስሰብር ከደሞዜ ይቆርጡብኝ የነበረውን" አልኩት።

ወደ ድንኳኑ ዞሮ አየ። በሁለት ድንኳን መካከል የሱ በረዶ ሲቀልጥ ይታያል።

"ውድ ነው" አለ።

"ዋጋውን ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"

ከፈለ። አንድ በአንድ ቆጥሮ። ባለቤቴ አስፈረመው።

መጋቢት 24፣ ማክሰኞ

ኪራዩ ተከፍሏል። ከድራፍቱ በእርግጥ የተረፈን አረፋው ነው። ቤቷን ያተረፈው ፕላስቲኩ ነው። ለሌላ ሰው ብናገር "ታፌዝብናለች" ይለኛል።

ገበያ ስለተሻሻለ አስተናጋጅ ቀጠርኩ። ከዚህ በፊት የት ትሠራ እንደነበር አልጠየቅኳትም፤ አሁን ግን የገባኝ መሰለኝ። ዛሬ ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። ስብርባሪውን ትታ እኔን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ስንት ይቆረጥብኛል?"

ያን ጥያቄ ስንቴ ጠይቄዋለሁ።

"መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ነው" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ሰበረች።

ሄጄ ውሃ ጠጣሁ።