ሳይጫር የቀረው ማሳ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለይስማው፣

እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ? ያ ጨጓራህ ተወህ ወይ? ባለቤትህ ራሄልስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ትዝታስ በእግሯ ቆመች? እኛ ከድካም በቀር ደህና ነን፤ ለዚህም አምላክ ይመስገን። የስልኩ መስመር ከጠፋ ስለ ሰነበተ ነው ወደ ወረቀት የተመለስሁት።

የላክኸው ስዕል ደርሷል። ጎረቤታችን ምስጋናው ከአርብ ገበያ ሲመለስ በአህያው ጭኖ አመጣልኝ፤ ጫፉ እንኳ አልታጠፈም። መዳብ ላይ በመርፌ ጭረህ፣ አሲድ አስበልተህ፣ ቀለም ሞልተህ በወረቀት እንደምታትመው ስትነግረኝ፣ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርኸው ብዬ አሹፌብህ ነበር። አሁን አፌን ያዝሁ። ገደሉን ጭረት በጭረት ላይ ደራርበህ አጥቁረኸዋል። የማዶውን ተራራ ግን እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ነካ አድርገህ ትተኸዋል። መምሬ ኃይለ ሚካኤል መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ካዩት በኋላ፣ ይህ የሰኔ ሰማይ ነው፤ ዝናቡ መጥቷል፣ ግን አልወረደም አሉ። ከጥቁርና ከነጭ ወሩን ማወቃቸው ገረመኝ።

ለምን እንደላክኸው አውቃለሁ። እናታችን አገሯን ግድግዳ ላይ ካየች፣ አንተ ዘንድ መጥታ መኖር አይከብዳትም ብለህ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም እሺ እንድትል ተስዬ ነበር። እሷን ደግፎ ማንሳቱ፣ ውሃው፣ እንጨቱ፣ ከብቱ፣ ሁሉም በእኔ ላይ ነው። ደክሞኛል ይስማው። እህትህ ብረት አይደለችም።

ስዕሉን ብርሃን ባለበት በሩ ላይ ይዤ አሳየኋት። ቤተ ክርስቲያኑን አወቀችው፤ ወይራዋንም አወቀቻት። ከዚያ ከቤታችን ጀርባ፣ መርፌህ ያልነካው ነጭ ቦታ ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ የሰውን ሁሉ ማሳ አርሶ የእኛን ምነው ጦም አሳደረው? አለችኝ። ብርሃን ነው እናቴ፣ ሰዓሊ ብርሃን ሲፈልግ ወረቀቱን ባዶ ይተወዋል አልኋት። እሷ ግን ማን ነገረው? ብላ አለቀሰች።

ማንም አልነገረህም። አባታችን ካረፈ ወዲህ ጎረምሳው ሁሉ ከአገር ወጥቶ፣ ምርቱን እኩል ተካፍሎ እንኳ የሚያርስልን አጥተን፣ መሬቱ ሁለት ክረምት ጦም አድሯል። እንዳታዝን ብላ እንዳልነግርህ የከለከለችኝ እሷ ናት። አሁን ደግሞ፣ ጦም ያደረ መሬት ጥዬ የትም አልሄድም፤ ታርሶ ልየውና ያን ጊዜ ውሰዱኝ ትላለች።

መጀመሪያ ተናደድሁ። ጠዋት ግን ብቻዬን ስዕሉን ሳየው፣ መንገዱም፣ እርከኑም፣ የውሃ መውረጃውም ወደዚያ ነጭ ቦታ ይሄዳሉ። ዓይኔ ከየትም ቢነሳ እዚያው ነው የሚያርፈው። ብርሃን መሆኑም እውነት ነው፤ ጦም ማደሩም እውነት ነው። አንተም ሳታውቀው የቆጨህ ነገር ያለ መሰለኝ።

ስለዚህ ሌላ ስዕል አትላክ። የተዘጋው መንገድ ከተከፈተ ግንቦት ሳያልቅ ራስህ ና። አንድ በሬ አለን፤ ጎረቤታችን ካሴ የእሱን በሬ ሊያቀናጅልን እሺ ብሏል። ያጣነው እርፍ የሚጨብጥ ሰው ነው።

ራሄልን ሰላም በልልኝ፤ ትዝታን ጉንጯን ሳምልኝ። መምሬ ኃይለ ሚካኤል እግዜር ይባርክህ ብለውሃል። ምስጋናውም ካሴም ሰላም ይሉሃል። እናታችን ዓይንህን አይቼ ልሙት ትልሃለች። ስዕሉን ከምሰሶው ላይ ሰቅለነዋል፤ እንግዳ በገባ ቁጥር ግን ማሳችንን ሰው እንዳያይብን ነጠላዋን ታለብሰዋለች።

እህትህ ፍቅርተ
ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ አጠገብ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.