የልጄን ቁስል ስላነጣው አዝራር

ለክቡር የማስረጃ ክፍል ኃላፊ፣

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምሁ፣ ዓይንዎ ሳይደክም፣ እጅዎ ሳይዝል በወንበርዎ ላይ እንዲሰነብቱ ከልብ እመኛለሁ።

እንደሚያስታውሱት ልጄን ባሏ በብረት ዘንግ ደብድቧታል። ግራ ዓይኗ ተደፍኖ፣ ጉንጯ በልዞ፣ አንገቷ ላይ የጣቶቹ ምልክት አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። በራሷ ስልክ ፎቶ አንስቼ ለክፍልዎ አስገባሁ፤ በማግስቱ ባሏ ስልኩን ከግድግዳ ጋር አላትሞ ሰባበረው። ስለዚህ በዓለም ላይ የቀረው ፎቶ እርስዎ ዘንድ ያለው ብቻ ነበር። ስለ አያያዝዎ ያለኝ ምስጋና የሚከተለው ነው።

1. ጸሐፊዎ «ፎቶው ጠቁሯል» ብለው በአዲሱ ፕሮግራማችሁ ላይ «አፍካ» የሚለውን አዝራር ስለተጫኑልን አመሰግናለሁ። በዱላ የጠቆረን ፊት በአንድ ጣት ማንጣት ለሐኪም እንኳ ያልተሰጠ ጥበብ ነው። «እማማ፣ ምን ያሳስብዎታል? እንዲያውም አምሮባታል» ብለው ስላጽናኑኝም እግዜር ይስጥልኝ።

2. «ወደነበረበት መልስ» የሚል አዝራር ስላየሁ እሱን ይጫኑልኝ ብዬ ለመንኋቸው። ተጫኑት። ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰ፤ ቁስሉ ግን አልተመለሰም። የፕሮግራሙን ሠሪ አስጠርቼ በወረቀት ላይ እየጻፈ እንዲያስረዳኝ አደረግሁ። የደህናው ቆዳዋ ብርሃን ሁለት መቶ፣ የበለዘው መቶ ስልሳ ነበር። «አፍካ» በሁለቱም ላይ መቶ ይጨምራል፤ ማሽኑ ግን ከሁለት መቶ ሃምሳ አምስት በላይ መቁጠር አያውቅምና ሁለቱም እዚያው ላይ ቆሙ። «መልስ» ሲባል ከሁለቱም መቶ ቀነሰ፤ ቁስሉም ጤናውም እኩል መቶ ሃምሳ አምስት ሆነ። ዋናውስ የት አለ ብዬ ብጠይቀው፣ አዲሱ በላዩ ላይ ተጽፎበታል አለኝ። «የጨመርሁትን መልሼ ከቀነስሁ የሚበቃ መስሎኝ ነበር» ሲልም በትሕትና አከለ።

3. እኔ ሠላሳ ዓመት በፎቶ ቤት ፊት ሳስተካክል ኖሬአለሁ። ሌሎች ፎቶው በሚታተምበት ዋናው ፊልም፣ በነጋቲቩ ላይ፣ በእርሳስ ይሠሩ ነበር፤ እኔን ያስተማሩኝ ሴትዮ ግን እርማት በታተመው ላይ ብቻ ነው ብለው፣ ነጋቲቭ የነካችን ተማሪ ጣቶቿ እስኪደሙ በማስመሪያ ይቀጠቅጧት ነበር። እርስዎ ዘንድ እንዲህ ያለ ጭካኔ ባለመኖሩ ደስ ብሎኛል፤ የሠራተኞችዎ ጣቶች በሙሉ ደህና ናቸው።

4. ችሎቱ የተሰየመው ፊቷ ከዳነ በኋላ ስለነበር፣ ዳኛው ያንን አመድ ፎቶ አይተው «ጉዳት አይታይም» በማለት ሰውየውን አሰናበቱት። በሩ ላይ ጠብቆ «የእናትሽን ቤት አልረሳሁትም» አላት። ለዚህ የአንበሳው ድርሻ የእርስዎ ስለሆነ ምስጋናውን ለሌላ አላካፍልም።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የገባ ፎቶ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ቀለም የሚቀየረው ቅጂው ላይ ይሁን፤ «መልስ» የሚለው አዝራርም የተቀመጠውን ያምጣ እንጂ ሒሳብ አይሥራ። ሠሪው እንደነገረኝ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ቁስል የማይታይበትን ክፍልዎን ከሩቅ እያደነቅሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የተደበደበችው ሴት እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው ሰውየው ቃሉን ጠብቆ መጣ። ልጄ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሦስት የጎድን አጥንቶቿ ተሰብረዋል። የራጁን ቅጂ አያይዣለሁ፤ ዋናው እኔ ዘንድ ነው። ከመነሻው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ፣ ለማፍካት እንዳይደክሙ አደራ እላለሁ።