የእትዬ ብዙነሽ አውራ ጣት

ቡታጅራ፣ ሐሙስ ጥቅምት 13

ዛሬ ከቀበሌው ስብሰባ አፍሬም ኮርቼም ተመለስኩ። የቆጮ ተራ ኮሚቴ የሚሆኑትን የሦስት ወንዶች ስም ሊቀመንበሩ ለእኔ ለጸሐፊዋ ትናንት ስለሰጠኝ፣ ምርጫው ሳይካሄድ ቃለ ጉባኤውን ቤቴ ጽፌው ነበር የሄድኩት። ስብሰባው እንደተጀመረ ቆጮ ሻጯ እትዬ ብዙነሽ ተነሱ።

«ከመካከላችሁ እንሰት ፍቆ ቆጮ የቀበረ ወንድ ካለ እጁን ያውጣ!»

ማን ያወጣል? የሴት ሥራ ነው ብለው አጠገቡም አይደርሱ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ተጠቆሙና እጅ ሲቆጠር አንደኛ ወጡ። እኔም የጻፍኩትን ቀድጄ እዚያው እንደ አዲስ ጻፍኩ።

ችግሩ ፊርማ ላይ መጣ። እትዬ ብዙነሽ መጻፍ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ልሙጥ ነው። የዕድሜ ልክ እንሰት መፋቅ አሻራቸውን አጥፍቶታል።

«አሻራው ካልታየ አይጸድቅም» አለ ሊቀመንበሩ፣ ሊሄድ እየተነሳ።

እትዬ ብዙነሽ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። «ስሜ ስንት ፊደል ነው ልጄ?»

«አራት።»

«አራት ብቻ? በይ እስክሪብቶውን ስጪኝና አሳዪኝ። እስክጽፈው ማንም አይወጣም።»

ሊቀመንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ።