አባባና የማሊ ሾርባ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለማዕዛ ገብረእዝጊ፤

እንዴት ከረምሽ እህት ዓለም? አንቺስ ደህና ነሽ? ልጆቹስ? የእማማ ጉልበት እንዴት ሆነ? አሁንም ደረጃው መሀል ቆመው ነው የሚወጡት ወይስ ትንሽ ቀለል አላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሙቀቱ ግን ሌላ ነው፤ ጠዋት የለበስኩት ሸሚዝ ቁርስ ሳልበላ ይጨመቃል።

በየቀኑ እየተደዋወልን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። ያረፍንበት የሆስፒታሉ ማረፊያ ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ አባባ ደግሞ ታመሙ እንጂ ጆሯቸው አልታመመም። ስለ እሳቸው ሳወራ ድምፄን ዝቅ ካደረግሁማ ጭራሽ ነቅተው ይጠብቁኛል። ስለዚህ በተስፋጽዮን እጅ ልኬልሻለሁ። ተስፋጽዮን እዚሁ ሆስፒታል እናቱን ሲያስታምም የከረመ ልጅ ነው፤ ቅዳሜ ቦሌ ይገባል። ሩዋንዳ ሰፈር ድረስ ካመጣልሽ ምሳ ሳይበላ እንዳትለቂው።

ባንኮክ የምግብ አገር ናት። መገናኛ ታክሲ የሚጠብቀው ሕዝብ ግማሹ ድስት ጥዶ ቢቀመጥ ነው ይህን ከተማ የሚመስለው። ለቁርስ ሾርባ ይጠጣሉ፤ ሾርባው ላይ ስኳር ይጨምራሉ፤ ፍራፍሬውን ደግሞ በሚጥሚጣ ይበላሉ። ዱሪያን የሚባል እሾሃም ፍሬ አላቸው፤ ከሽታው የተነሳ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑ ቤታችን በር ላይ ተለጥፏል። እኔ ውጪ ቆሜ ቀመስኩት። ለማንም እንዳትነግሪ እንጂ ይጣፍጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የመጀመሪያው ዙር የካንሰር መድኃኒት እንዳለቀ ሐኪሙ አባባን መዘናቸውና ፊቱን አኮሳተረ። ሰውነታቸው ካልመለሰ ሁለተኛውን መስጠት አልችልም፣ ብዙ ከዘገየ ደግሞ የእስካሁኑም ድካም ከንቱ ይሆናል አለን። አባባ ግን አይበሉም። ሆስፒታሉ እንቁላልና ዓሣ ሲያመጣላቸው፣ “ጾም ነው” ይላሉ። በዐቢይ ጾም ዓሣ እንኳ የማይነኩ ሰው መሆናቸውን ስለማውቅ አመንኳቸው። ለነርሷም፣ “አባቴ ጾመኛ ናቸው፣ የጾም ምግብ እኔ ራሴ እፈልጋለሁ” ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት።

የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ እንኳን የሌላ አገር ምግብ የቤቱን ሽሮ ሠርቶ የማያውቅ፣ ባንኮክ ውስጥ የጾም ምግብ ፍለጋ ወጣልሽ። ጎመን ገዝቼ በደስታ ገባሁ፤ አባባ በሹካ ገለጥ አድርገው ከሥሩ ሽሪምፕ የሚሉትን ደቃቃ የባሕር እንስሳ አሳዩኝ። ሽሪምፕ የሌለበት ሳመጣ አሸተቱትና መለሱት። ለካስ ዓሣ በገንቦ አስቀምጠው የሚያወጡት መረቅ አለ፤ የማይጨምሩበት ምግብ የለም። ማንጎ ከሩዝ ጋር አመጣሁ። ሩዙ ላይ የፈሰሰውን ነጭ ነገር አይተው፣ “ወተት ነው” አሉ። ከኮኮናት የተጨመቀ ነው ብዬ ብምል ብገዘት ማን ሰምቶኝ። እኔው በላሁት። ማዕዛ፣ ያን ሩዝ አንድ ቀን ሳላቀምስሽ አልሞትም! እሳቸው እየከሱ እኔ አስታማሚው ወፈርኩ።

በመጨረሻ ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለው ጠባብ መንገድ ላይ ቢጫ ባንዲራ የሰቀለች ሴት አገኘሁ። ማሊ ትባላለች፤ በእማማ ዕድሜ ትሆናለች። ስልኬ እያስተረጎመልን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የሚባል ድስቷ ውስጥ እንደማይገባ ነገረችኝ። ቢጫው ባንዲራ ለካ የጾም ቤት ምልክት ነው! እነሱም በእምነታቸው ይጾማሉ፣ ጭራሽ ከእኛ ብሰው ሽንኩርት ሁሉ ይተዋሉ። አባባ ይህን ሲሰሙ ከትራሱ ቀና ብለው፣ “እንዲህ የሚጾም ሕዝብም አለ?” አሉኝ። ምግቡን ግን ሁለቴ ጎርሰው ገፋ አደረጉት።

አባ ዘርአጽዮን ዘንድ ሄደሽ ከጾሙ እንዲፈቷቸው ለምኚልኝ ያልኩሽ ያን ዕለት ነው። አንቺም ሄደሽ ደወልሽልኝ። የንስሐ አባታችን ገና ከአዲስ አበባ ሳንነሳ፣ “ለአንተ ምግብ መድኃኒትህ ነው፣ የተሰጠህን ሁሉ ብላ” ብለው ፈትተዋቸው ኖሯል። ስልኩን ኮሪደሩ ላይ ዘጋሁት።

ገብቼ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ “አፌ ሞቷል ልጄ” አሉኝ። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወዲህ ውሃውም፣ ሩዙም፣ ማሩም አንድ ሆኖባቸዋል፤ ገለባ እንደማኘክ ነው አሉ። አባታቸውም ሲሞቱ ነገሩ ከአፍ እንደጀመረ አጫወቱኝ። “ከአሁን በኋላ በከንቱ አታንከራተኝ፤ አገሬ አስገባኝ፤ ለእናትህ ግን ጾም ላይ ናቸው በላት” አሉ። ፊታቸው አለቀስኩ፤ አባባ ፊት ካለቀስኩ ስንት ዘመኔ ነው።

ነርሷን ሮጬ ብጠይቃት መድኃኒቱ የብዙ ሰው ጣዕም እንደሚወስድ፣ ቆይቶ እንደሚመለስ፣ እስከዚያው ኮምጠጥ ያለ ነገር እንደሚረዳ ነገረችኝ። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ስላት፣ “ጾመኛ ናቸው አላልከኝም?” አለች።

ከዚያ ማሊ ጋ ሄድኩ። ሰምታኝ ድስት ጣደች። ሎሚ፣ እንጉዳይ፣ ዝንጅብል የሚመስል ሥር፣ ደቃቅ ቀይ ቃሪያ፣ ደግሞም ጠጅ ሳር ጨመረች፤ እኛ ሻይ ውስጥ የምንነክረውን ጠጅ ሳር ቀጥቅጣ ሾርባ አደረገችው። እንፋሎቱ አፍንጫዬን ሰነጠቀው። ሱቋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ራሷ ይዛ ተከተለችኝ፤ አልጋው አጠገብ ቆማ በእጇ፣ “ይብሉ፣ ይብሉ” ትላቸዋለች። አባባ እኔን እንጂ ምግብ ይዛ የቆመችን ሴት እምቢ ማለት አያውቁበትም። አንዴ ተጎነጩ፣ ደገሙ። ሦስተኛው ላይ ሳል ያዛቸው፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ደንግጬ ውሃ ሳነሳ እጄን ጭምድድ አድርገው ያዙኝና፣ “ኮመጠጠኝ!” አሉ። “ምሩጽ፣ ኮመጠጠኝ እኮ!” ማሊ ቋንቋውን ባታውቅም ሳቀች፤ አባባም ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይበላሉ፤ እንቁላሉንም ጀምረዋል። ትናንት ተመዘኑ፣ ጨምረዋል። ሐኪሙ ሁለተኛውን ዙር ማክሰኞ እንጀምራለን ብሏል። ይድናሉ ብዬ አልምልልሽም፤ ግን አገሬ አስገባኝ ማለቱን ትተዋል። ለእማማ ከዚህ ውስጥ የሚነገረውን አንቺ ታውቂያለሽ።

እማማን ጉልበታቸውን ስመሽ ሰላም በይልኝ። ልጆቹን፣ ማኅደርንና ሰናይን፣ አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ሸሪፋን፣ ዱዓቸው ደርሶናል በያቸው። ሱቄን የሚጠብቅልኝን ገሰሰንም በርታ በይው።

ደብዳቤውን ላሽግ ስል የዛሬው ሾርባ መጣ። አባባ ቀምሰው ማንኪያውን አስቀመጡት። “ለዚያች ሴትዮ ንገራት” አሉኝ ፊታቸውን አጥቁረው፣ “ጨው አነሰው።” ሄጄ እስክነግራት ድረስ ጮኹብኝ፤ ደረጃውን እያለቀስኩም እየሳቅሁም ወረድኩት።

ወንድምሽ ምሩጽ
ባንኮክ፣ መጋቢት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.